«ኡስታዝ፣ ውሃ እንዴት ይፈነዳል?»

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የታሪክ ክፍል የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔታችን አንባቢያን እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

  

 በዚህ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ስለ ሩቅ አገርና ስለ ሩቅ ዘመን አውርተናል። የዛሬው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከራሳችን ሰፈር፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ነው።

እንደሚታወቀው ሰፈራችን የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ጎማ የሚለጥፈው፣ ብረት የሚበይደው፣ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው አብዛኛው ወጣት ነው። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ፣ በመስጂዳችን የሚሰግድ ልጅ፣ አንድ ቀን መግሪብ ሊደርስ ሲል ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ እየጮኸ ወደ ውዱእ ማድረጊያው ሮጦ ገባ። ውዱእ ሲያደርጉ የነበሩ አንድ አባት ነገሩን ሳይጠይቁ ጭንቅላቱን ይዘው ከቧንቧው ሥር አደረጉት። ልጁ «በቃኝ» ቢልም አልለቀቁትም። ሰላቱ ተሰግዶ ሲያበቃ እንኳን እሳቸው ገና ዓይኑን እያጠቡለት ነበር። በኋላ ሐኪሙ «ዓይንህን ያተረፈልህ ያ ውሃ ነው» አለው። አልሐምዱሊላህ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጁ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ የዋለ የመኪና ባትሪ ነበረው። አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። የባትሪው ውሃ ጎድሎ እንደሆነ ለማየት ክዳኑን ከፈተና ላይተር ለኮሰ። ባትሪው እንደ ቦምብ ጮኾ ፈነዳ፤ ውስጡ ያለው አሲድ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ከሳምንት በኋላ ፋሻው ሲፈታለት ወደ እኔ መጣና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ እዚያ ውስጥ እኮ ያለው ውሃና አሲድ ነው። ቤንዚን የለበትም፣ ጋዝ የለበትም። ውሃ እንዴት ይፈነዳል?»

ኮሌጅ እያለሁ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁና መልሱን በአንድ ቃል ልነግረው እችል ነበር፤ «ሃይድሮጅን ነው» ብዬ። ግን ቃሉን ብቻ ይዞ ቢሄድ ምን ይጠቅመዋል? የሰው ልጅ ራሱ ይህን መልስ ለማግኘት መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። ስለዚህ አስቀመጥኩትና ታሪኩን ነገርኩት። ለእናንተም የማቀርበው ይህንኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አረፋው

በመጀመሪያ ሥራውን እንይ። ብርጭቆ ውስጥ ቀጠን ያለ አሲድ ጨምረን የብረት ሚስማር ብንከትበት፣ ጥቂት ቆይቶ ሚስማሩ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል። ዚንክ ብናደርግበት አረፋው ይፈጥናል። መዳብ ብናደርግበት ግን ምንም አይታይም፤ ወርቅና ብርም እንደዚሁ ዝም ይላሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሲዶች ሁሉ በውስጣቸው ሃይድሮጅን ይዘዋል። እንደ ዚንክ፣ እንደ ብረትና እንደ አሉሚኒየም ያሉ ማዕድናት ከሃይድሮጅን ይበልጥ ኃይለኞች ናቸው፤ ሃይድሮጅኑን ከቦታው አስለቅቀው ራሳቸው ይተካሉ። ቦታውን ያጣው ሃይድሮጅን ጋዝ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። መዳብ፣ ብርና ወርቅ ይህን ለማድረግ አቅም የላቸውም።

የሚወጣው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። በዓለም ላይ ካሉት ጋዞች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ከእርሱ 14 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መቶኛው እጅ 4 ብቻ ቢሆን እንኳን እሳት ይይዛል፤ ከዚያ አንስቶ እስከ 75 በመቶ ድረስ ተቀጣጣይ ነው። ለማቀጣጠል ትልቅ እሳት አያስፈልገውም፤ ሹራብ ሲወልቅ የምትታየው ብልጭታ ትበቃዋለች።

ይህን የመሰለ ነገር ከዓይናችን ፊት እየፈላ ለብዙ ዘመን ስሙን ያወቀለት አልነበረም። ብረት ከአሲድ ጋር የሚያገናኙ ሠራተኞች አረፋውን ሳያዩት አልቀሩም። ቢሆንም አረፋ ነው ተብሎ ታልፏል።

የቀደምቶቻችን ድርሻ

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ «ሃይድሮጅንን መጀመሪያ ያገኘው ጃቢር ኢብን ሐይያን ነው» ብዬ ተናግሬ ነበር። ከየት አመጣኸው ብባል መልስ አልነበረኝም። ሰው ሲናገር ሰማሁ፣ ደስ አለኝ፣ ደገምኩት። ያን ንግግር የሰሙ ሰዎች ዛሬም ይህን የሚያዳምጡ ከሆነ እርማቱን ይያዙልኝ፤ አባባሉ ትክክል አይደለም።

እውነቱ ምንድን ነው? ጃቢር በ8ኛው ክፍለ ዘመን በኩፋ እንደኖረ ይነገራል። በእርሱ ስም የተጻፉት መጻሕፍት በጣም ብዙ ስለሆኑ፣ የታሪክ ሊቃውንት ከመካከላቸው የትኞቹ የራሱ፣ የትኞቹ የተከታዮቹ እንደሆኑ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጠንካራዎቹ የማዕድን አሲዶች እንዴት እንደሚሠሩ በግልጽ የሚናገሩት መጻሕፍት በብዛት የሚገኙት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በላቲን ቋንቋ ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የጃቢርን ስም ለክብር ተውሰው የተጻፉ ናቸው። ብረትን በአሲድ ነክሮ የወጣውን ጋዝ ለይቶ ያጠና የዚያ ዘመን ሙስሊም ሊቅ አይታወቅም።

ታዲያ ድርሻቸው ባዶ ነው? ወላሂ አይደለም። «ኬሚስትሪ» የሚለው ስም ራሱ ወደ አውሮፓ የገባው «አል-ኪሚያ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። የማንጠሪያው ዕቃ «አል-አንቢቅ» በስሙ ጭምር ተሻግሯል። በሬይ ከተማ የተወለደውና እ.ኤ.አ በ925 አካባቢ ያረፈው ሐኪሙ አቡበክር አር-ራዚ፣ «ኪታቡል አስራር» በተባለው መጽሐፉ ቁሶችን ከእንስሳ፣ ከዕፅዋትና ከማዕድን የሚገኙ ብሎ ከፍሎ፣ ምድጃውን፣ ማሰሮውንና ማንጠሪያውን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ሌላው ሰው እንዲደግመው አድርጎ መጻፍ ማለት ይህ ነው።

ከዛሬው ርዕሳችን ጋር ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በመርቭ ከተማ የኖረው አል-ኻዚኒ ነው። በ1121፣ ማለትም በ515 ዓመተ ሂጅራ፣ «ሚዛኑል ሒክማ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። በውሃ ውስጥ የገባ ነገር እንደሚቀልል ከጥንት የታወቀ ነው። አል-ኻዚኒ ግን አየርም በውስጡ ያለውን ነገር በጥቂቱ ሽቅብ እንደሚደግፍ፣ ስለዚህ በአየር ውስጥ የምንመዝነው ክብደት ፍጹም እንዳልሆነ አስተዋለ። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ በሃይድሮጅን የተሞላውን ፊኛ ወደ ሰማይ ያወጣው ይኸው ሕግ ነው። ይህን ያህል እውነተኛ ክብር እያላቸው፣ ያልሠሩትን መጨመር እነርሱን ማክበር አይደለም። እንዲያውም ሐሰቱ የታወቀ ቀን እውነቱንም የሚያምነን እናጣለን።

እሳት የሚይዝ አየር

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1671 ሮበርት ቦይል የተባለ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ የብረት ብናኝ በአሲድ ውስጥ ጨምሮ የሚወጣው ጭስ መሰል ነገር ሻማ ሲቀርብለት እንደሚነድ ጻፈ። አየ፣ ጻፈ፣ ግን ምንነቱን አላወቀም። በዚያ ዘመን አየር ሁሉ አንድ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ይህኛው ቆሻሻ የገባበት አየር ተደርጎ ታለፈ።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1766 ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለ፣ ከሰው ጋር መነጋገር እጅግ የሚያፍር የለንደን ሀብታም ሥራውን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ዚንክን፣ ብረትንና ቆርቆሮ የሚለበጥበትን ቲን የተባለ ማዕድን በተለያዩ አሲዶች እያሟሟ፣ የወጣውን ጋዝ በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ሰብስቦ ያዘው። በዚያ ዘመን ተመራማሪዎች ጋዝን ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚያሸጋግሩት በእንስሳ ፊኛ ነበር። እኛም በቋንቋችን የሽንት ከረጢቱንም ልጆች የሚጫወቱበትንም «ፊኛ» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የካቨንዲሽ ትልቁ ሥራ ጋዙን መመዘኑ ነው። ከተለመደው አየር 11 ጊዜ ያህል የቀለለ ሆኖ አገኘው። ዛሬ 14 መሆኑን እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን ሚዛን ግን ይህ የሚደነቅ ነው። ከየትኛውም አሲድ ቢወጣ ጋዙ አንድ ዓይነት መሆኑንም አረጋገጠ። ስለዚህ ይህ የቆሸሸ አየር አይደለም፤ ራሱን የቻለ ነገር ነው። «እሳት የሚይዝ አየር» አለው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የነበረው ሰው በአንድ ነገር ተሳሳተ። ጋዙ የሚወጣው ከማዕድኑ ውስጥ ነው ብሎ አመነ። እኛ ደግሞ ከላይ እንዳየነው የሚወጣው ከአሲዱ ነው። ስሕተቱ የታረመው በሌላ ሰው ነው።

ከሰማይ የወረደው ጭራቅ

ወዲያውም ጋዙ ከቤተ ሙከራ ወደ አደባባይ ወጣ። ዣክ ሻርል የተባለ ፈረንሳዊ «አየሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ዕቃ ያነሳል» ብሎ ከሐር ጨርቅ ፊኛ አሠራ፤ ጋዙ እንዳያመልጥም ጎማ አስቀባው። ፊኛውን ለመሙላት 500 ኪሎ ገደማ የብረት ብናኝና ከ200 ኪሎ በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ፈጀ። ሥራውም ቀናት ወሰደ። ልጁን የጎዳው የባትሪ አሲድም ይኸው ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

ነሐሴ 27 ቀን 1783 ፊኛው ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ከፓሪስ ተነሣ። ሰው አልተሳፈረበትም። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል በርሮ ጎነስ በምትባል መንደር ወረደ። የመንደሩ ገበሬዎች ከሰማይ የወረደውን፣ እየተነፈሰ የሚንፈራገጠውን ነገር ሲያዩ ጭራቅ መሰላቸው። በመንሽና በቢላዋ ወግተው ገደሉት፤ ከዚያም በፈረስ ጭራ አስረው ጎተቱት።

ይህ ታሪክ ሲነበብ ያስቃል። ግን ገበሬዎቹ ምን ጥፋት አለባቸው? ፓሪስ ያሉት ሊቃውንት የሚያውቁትን ለእነርሱ የነገራቸው የለም። የፈረንሳይ መንግሥትም ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ማስታወቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን ሻርል ራሱ ከአንድ ባልደረባው ጋር በሃይድሮጅን ፊኛ ተሳፍሮ ሁለት ሰዓት ያህል በረረ።

የጋዙ ባሕርይ ግን አልተለወጠም። በሃይድሮጅን የተሞላው ሂንደንበርግ የተባለው የጀርመን አየር መርከብ ግንቦት 6 ቀን 1937 አሜሪካ ሊያርፍ ሲል በእሳት ተያይዞ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነደደ። 36 ሰዎች ሞቱ።

ውሃ ሲከፈል

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ደረስን። ካቨንዲሽ «እሳት የሚይዘውን አየር» በዝግ ዕቃ ውስጥ ሲያቃጥለው የዕቃው ግድግዳ ላይ ጠል አገኘ። ጠሉን ሲመረምረው ንጹሕ ውሃ ሆነ። እሳቱ ውሃ ወለደ ማለት ነው! በፓሪስም አንትዋን ላቭዋዚዬ የተባለው ሊቅ በ1783 ይህንኑ ደግሞ አየ። ከዚያም ነገሩን ገልብጦ ሞከረው። የጠመንጃ አፈሙዝ በእሳት አግሎ ውሃ በጠብታ በጠብታ አሳለፈበት። የጋለው ብረት ከውሃው ውስጥ ኦክስጅኑን ነጥቆ ዛገ፤ በሌላው ጫፍ ሃይድሮጅን ወጣ።

ከጥንት ጀምሮ ውሃ የማይከፈል ነገር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አሁን ግን ከሁለት ጋዞች የተሠራ መሆኑ ታወቀ። ጋዙ ከማዕድኑ ይወጣል የተባለውም ስሕተት ታረመ። ላቭዋዚዬም ለጋዙ ከግሪክ ቋንቋ ስም አወጣለት፤ «ሃይድሮጅን» ማለት «ውሃ አስገኚ» ማለት ነው። ይህ ሰው በ1794 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አንገቱ ተቆርጦ ሞተ። ያወጣው ስም ግን እስከ ዛሬ በተማሪዎቻችን ደብተር ላይ አለ።

በ1800 ደግሞ ቮልታ የተባለው ጣሊያናዊ የሠራው የኤሌክትሪክ ባትሪ ዜና ለንደን እንደደረሰ፣ ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች ውሃ ውስጥ ከተቱ። በአንደኛው ሽቦ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን እየፈላ ወጣ። አሲድም ማዕድንም ሳያስፈልግ ኤሌክትሪክ ብቻውን ውሃውን ከፈለው። በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የእርሳስ ሰሌዳዎችን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አድርጎ፣ ሲያልቅ እንደገና የሚሞላ ባትሪ ሠራ። ዛሬ በሲኖትራኩም በሚኒባሱም ውስጥ ያለው ባትሪ የእርሱ ዘር ነው።

እንግዲህ ልጁ ሱቅ የሆነው ይህ ነው። ባትሪ ቻርጅ ላይ ሲውል ኤሌክትሪኩ በመጀመሪያ የእርሳስ ሰሌዳዎቹን ያድሳል። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ግን የሚታደስ ነገር እያነሰ ይሄድና ትርፉ ኤሌክትሪክ ውሃውን መክፈል ይጀምራል። «ባትሪው ፈላ» የምንለው ያኔ ነው። ያ መፍላት የሙቀት መፍላት አይደለም፤ ኒኮልሰንና ካርላይል ያዩት አረፋ ነው። የባትሪ ውሃ የሚጎድለውም፣ በየጊዜው የምንጨምርበትም ስለዚህ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ቢከፈል በእኛ ከተማ ከፍታ ከ8 ሊትር በላይ ሃይድሮጅን ይወጣዋል። ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ባትሪው ውስጥ፣ ከክዳኑ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። መብራት ቢሄድም ጋዙ አብሮ አይሄድም። ልጁ ላይተሩን ሲለኩስ ሁለቱ ጋዞች በቅጽበት ተገናኝተው ተመልሰው ውሃ ሆኑ። ሲለያዩ ከኤሌክትሪኩ የወሰዱትን ኃይል በአንድ ጊዜ ሲመልሱ ፍንዳታ ሆነ።

«ስለዚህ» አልኩት፣ «ውሃው አልፈነዳም። ቻርጀርህ ቀኑን ሙሉ ውሃውን ሲከፍለው ዋለ፤ የፈነዳው የተከፈለው ተመልሶ ውሃ ሲሆን ነው።»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «ይህን የነገረኝ ሰው የለም» አለኝ። ሥራውን ሦስት ዓመት ሠርቷል። ያስተማሩት ሽቦ ማሰርና ገንዘብ መቀበል ብቻ ነበር።

ከጣሪያችን ቆርቆሮ እስከ ጓሮአችን ሳሙና

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ይህ ጋዝ ያለው ባትሪ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ። ቆርቆሮ ማለት ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ብረቱ ወደ ቀለጠው ዚንክ ከመግባቱ በፊት ዝገቱ እንዲለቅ አሲድ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ዝገቱን ሲያሟሟ የሚወጣ ሃይድሮጅን የለም፤ ዝገቱን ጨርሶ ንጹሑን ብረት ሲነካ ግን አረፋው ይጀምራል። ብረት የሚለብጡ ፋብሪካዎች አሲዱ ላይ ብረቱን እንዳይበላ የሚከላከል መድኃኒት የሚጨምሩትና ከገንዳው በላይ አየር ማስወጫ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሃይድሮጅን በጣም ጠንካራ በሆነ ብረት ውስጥ ሰርጎ ከገባ ደግሞ ብረቱን እንደ ደረቅ እንጀራ ሊያሰብረው ይችላል። በሰፈራችን የብረት ፋብሪካዎች የሚሠሩ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ ሥራቸውንም ራሳቸውንም ይጠብቃሉ።

ወደ እናቶች ልምጣ። በቤት ውስጥ ፈሳሽም ሆነ ደረቅ ሳሙና የምታዘጋጁ ኮስቲክ ሶዳ ትጠቀማላችሁ። ኮስቲክ ሶዳ አሲድ አይደለም፤ የአሲድ ተቃራኒ ነው። አሉሚኒየምን ሲነካ ግን እርሱም ሃይድሮጅን ያስወጣል። 27 ግራም አሉሚኒየም ብቻ፣ ማለትም የአንድ ድስት ክዳን ቁራጭ፣ ከ36 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ውሃውም በጣም ይግላል። ስለዚህ ኮስቲክ ሶዳ በአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይበጥበጥም። ለዚህ የተለየ ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል፤ ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አትጨምሩ። ምድጃም በአጠገቡ አይኑር።

የዒድ ቀን ለልጆቻችን የምንገዛው ሽቅብ የሚንሳፈፍ ፊኛም አለ። ደኅናው ፊኛ የሚሞላው ሂሊየም በተባለ የማይነድ ጋዝ ነው። ሂሊየም ውድ በመሆኑ በአንዳንድ አገሮች ሻጮች ፊኛውን በሃይድሮጅን እየሞሉ ልጆች ተቃጥለዋል። በምን እንደተሞላ ያላወቃችሁትን ፊኛ ከሻማና ከሲጋራ አርቁ፤ መኪና ውስጥም አታስገቡ።

ጋዙ ጠላት ነው?

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ልጁ «ታዲያ ይህ ጋዝ ጥቅም የለውም?» አለኝ። እንዴት የለውም! በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የተባለ የጀርመን ኬሚስት ሃይድሮጅንን ከአየር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ጋር አጣምሮ አሞኒያ ሠራ። በ1913 ሥራው በፋብሪካ ደረጃ ተጀመረ። ዩሪያ ማዳበሪያ የሚገኘው ከዚህ ነው። ከአቃቂ ወጣ ብሎ ጤፍና ስንዴ የሚያርሰው ገበሬ የሚበትነው ነጭ ፍሬ ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ሃይድሮጅን የሚወጣው ከአሲድና ከብረት ሳይሆን የተፈጥሮ ጋዝን በከፍተኛ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር በማገናኘት ነው።

አገራችን ማዳበሪያ ከውጭ ስታስገባ ኖራለች። በ2025 መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የካሉብንና የሂላላን የተፈጥሮ ጋዝ የሚጠቀም፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተነግሯል። ፋብሪካው የሚሠራው ያ በብርጭቆ ውስጥ የታየው አረፋ ነው፤ መጠኑ ሰፋ እንጂ ጋዙ ያው ነው።

የማሳርፈው ቃል

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ታሪክ ልንይዘው የሚገባን አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። አረፋውን ብዙ ሰው አይቶታል። ታሪኩን ወደፊት ያራመዱት ግን ያዩትን ሳይንቁ ይዘው የመዘኑ፣ ያልተረዱትን ተረዳሁ ያላሉ፣ ያወቁትንም ሌላው እንዲደግመው አድርገው የጻፉ ናቸው። እኔ ስለ ጃቢር የተሳሳትኩት ሳልመዝን ስለተናገርኩ ነው። ልጁ ዓይኑን ሊያጣ የነበረው ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች ሳይነግሩት ስለቀሩ ነው። ያልመዘኑትን መናገር፣ የሚያውቁትን አለመናገር፣ ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ የሚከተለውን ያዙልኝ። ባትሪ የሚሞላበት ክፍል አየር የሚያስገባ ብቻ ሳይሆን ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው፤ ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይሄዳልና። ባትሪን በላይተርም በክብሪትም በሻማም አትዩ፤ የሞባይል መብራት ይበቃል። ሽቦውን ከመንቀላችሁ በፊት ቻርጀሩን አጥፉ፤ ሽቦ ሲነቀል የሚታየው ብልጭታ አደገኛ ነውና። ከሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሡ የመጨረሻውን ሽቦ ከባትሪው ራቅ ብሎ ከሞተሩ ብረት ጋር እሰሩት። አሲድ ስትቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። የዓይን መከላከያ መነጽር ይኑራችሁ። በአጠገባችሁም ምንጊዜም ብዙ ውሃ አይጥፋ፤ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ሳታቋርጡ አጥቡ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ሂዱ።

የሱቅ ባለቤት የሆናችሁ ደግሞ በቀጠራችሁት ልጅ ላይ አማና አለባችሁ። ይህን ሳትነግሩት ቻርጀር አታስይዙት።

ልጁ አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል። ዓይኑ ድኗል፤ ከቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርታለች። ባለፈው ሱቁ ጎራ ስል ከጣሪያው ሥር ሁለት ሰፋፊ ቀዳዳዎች አስበስቶ፣ በሩ አጠገብ ውሃ የሞላ ጀሪካን አስቀምጦ አገኘሁት። አንድ አዲስ የተቀጠረ ታዳጊም አብሮት ነበር። ታዳጊው ቻርጅ ላይ ያለውን ባትሪ እያየ «ለምንድን ነው የሚፈላው?» ሲል ጠየቀው። ልጁም በእጁ የያዘውን ሥራ አስቀምጦ ተቀመጠና ታሪኩን ሊነግረው ጀመረ።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ያወቅነውንም ለሌላው የምናደርስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።